ሜዳው ላይ ያቆምኳት አህያ

ባለፈው ሳምንት ከአምቦ ወደ ጉደር ሰው ጭኜ ስሄድ ከኋላዬ አህያ ጮኸች። ባጃጅ ውስጥ! እኔ በዚህች ባጃጅ ዶሮ ጭኛለሁ፣ በግ ጭኛለሁ፣ አንዴ እንዲያውም ሙሽራ ከነሚዜዋ ጭኛለሁ፤ አህያ ግን ጭኜ አላውቅም። ዞር ስል አንድ የካምፓስ ተማሪ ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ያቀፈ፣ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ። ስልኩ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ታርፋለች። አህያዋ ደግማ ጮኸች። መጀመሪያ ረዘም አድርጋ ትስባለች፣ መሀል ላይ ሳል ያቋርጣታል፣ መጨረሻ ላይ እንደተከፋ ሰው ቁርጥ ታደርገዋለች። ያቺን ሳል አውቃታለሁ። የኔ ሳል ናት። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ምንድነው የምታየው?» አልኩት።

«ጌም ነው። ትናንት ላፕቶፔ ላይ የበረርኩትን ቀድቼው ነው። አምቦን ሠርተዋታል እኮ፣ አየህ?»

«እነማን?»

«እኔ እንጃ። ገዝቼው ነው» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሠርተዋታል! ከዚያ በኋላ የጉደር መንገድ አልታየኝም። እጄ እየነዳ ነው፣ እኔ ግን ድሮ ገባሁ።

ድሮ ስላችሁ የጃንሆይ ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ ገና ሠላሳ ዓመትም በቅጡ አልሞላኝ። ግን አገሩ እንዲህ ሲሮጥ አሥር ዓመትም ድሮ ነው። ያኔ ለሚ የሚሉኝ እናቴና አንድ ጓደኛዬ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ካፒቴን ነበርኩ። አሁንም ካፒቴን የሚለኝ ሰው አለ፤ አሁን ግን ሙድ እየያዘብኝ ነው፣ ያኔ ክብር ነበር። ትምህርትን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኳት፣ እሷም ተከትላኝ አልመጣችም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከጊንጪ እስከ ጉደር ብትፈልጉ አውሮፕላን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት የሚያስቀምጥ ከኔ ሌላ አልነበረም። እርግጥ እውነተኛ አውሮፕላን ረግጬ አላውቅም። በጣቴ ግን ዓለምን ዞሬያለሁ።

የምዞረው ኦቦ ዳባ ጌም ቤት ነው። ኦቦ ዳባ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ጌም ቤት የከፈተ ሰው ነው፤ ከድሮው መናኸሪያ ቁልቁል ስትወርዱ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ በር። ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው፤ የጋለ አቧራ፣ የስንት ጎረምሳ ካልሲ፣ ምንጣፍ ላይ የተደፋ አምቦ ውሃ። ያን ሽታ ዛሬ በጠርሙስ አሽገው ቢሸጡልኝ እገዛለሁ። ኳስ ጨዋታ በሁለት ብር፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይሳደባል። ዳቦ በሻይ በልታችሁ፣ ሦስት ጨዋታ ተጫውታችሁ፣ ከኪሳችሁ ለስልክ ካርድ የሚሆን ይተርፍ ነበር። ሁላችንም ሱሪያችን እግር የሚያንቅ ነበር፤ እሱን ለማውለቅ ጓደኛ ያስፈልጋል። ፀጉር ጎኑ ይላጫል፣ አናቱ ይቆማል። ያ ዓመት አንድ ዘፈን ነበር፣ ከየባጃጁና ከየካሴት ቤቱ እሱ ብቻ ይጮሃል፤ ሁላችንም የመጀመሪያዋን መስመር እናውቃለን፣ ሁለተኛዋን ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከኳስ ተጫዋቾቹ ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ማንም የማይነካው ኮምፒውተር ነበር። ኦቦ ዳባ ሲገዛው የበረራ ጌም አብሮ መጣ። ማንም አልፈለገውም፣ ምክንያቱም ጎል የለውም። እኔ ቁጭ አልኩበት። ከቦሌ ተነስቼ፣ የሆለታን መንገድ ከላይ ተከትዬ፣ ጊንጪን አልፌ አምቦ ስደርስ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሜዳ! ሣር! ቤት የለ፣ ሰው የለ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ አለች፤ አጠገቧ «ሀገረ ሕይወት» ይላል። የአምቦ የድሮ ስም፣ የአባቴ ያረጀ መታወቂያ ላይ ያለው! የወንጪ ሐይቅ ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ፈረንጅ ዓለምን ሲሠራ እኛ ጋ ሲደርስ ደክሞት ተኝቷል። ተናደድኩ። «ከዛሬ ጀምሮ አምቦን እኔ እሠራታለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ቤቱ ሳቀ።

ያልሳቀው ቡልቻ ነው። ቡልቻ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር፤ «ፀጉር ቤት» «ሥጋ ቤት» ብሎ የሚጽፈው፣ ከላይ የበግ ጭንቅላት የሚሥለው። አሥረኛን ጨርሷል፣ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ብዙ አያወራም። ከኢንተርኔት ቆፍሮ አገኘው፤ ለካ በዓለም ላይ እንደኛ የተናደዱ ሰዎች ሞልተዋል፤ የየሰፈራቸውን ሜዳና ቤት እየሠሩ ጌሙ ውስጥ ይከታሉ፣ ለሌላውም በነጻ ይሰጣሉ። ፕሮግራሙም ነጻ ነው። «ያ ለሚ» ብሎ በኦሮምኛ ጠራኝ፣ «ይቻላል።» «ብቻችንን ግን አንችለውም።»

«ደቦ እንጠራለን» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከኔ ጭንቅላት ነው የሚወጣው።

ጠራሁም። ለወራት፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ የቡልቻ ቸርች ሲወጣ፣ እኔም ቅዳሴ አስቀድሼ ነው ብዬ እናቴን ስዋሽ፣ ኦቦ ዳባ ጌም ቤት ይሞላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የቤቱን ግድግዳ በአራቱም በኩል በስልኩ ፎቶ አንስቶ የመጣ ሰው ቤቱ አምቦ ውስጥ ይገባል፣ ያልመጣ ሜዳ ላይ ይቀራል። አምቦ ጉድ ሆነች። ሰው ግድግዳውን እያጠበ ፎቶ ያነሳ ጀመር። በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጠው አዴ ጫልቱ ቆሎዋን በሰፌድ ይዛ መጣች፣ «የኔ ኪዮስክ ከጎረቤቴ ከፍ ትበል» አለች።

«አዴ፣ ከሰማይ ሲታይ ሁለቱም እኩል ነው» አልኳት።

«እግዜርም ከሰማይ ነው የሚያየው፣ ግን ይለያል» አለችኝ። ግማሽ ሜትር ጨመርንላት።

ፎቶውን አጥቦ፣ አስተካክሎ፣ ግድግዳ የሚያደርገው ቡልቻ ነው። እንደ ልማዱ ጥግ ላይ በጥቃቅን «ጽሑፍ ቡልቻ» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ይጽፋል። ማስታወቂያ ጸሐፊ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ስልኩን ያልጻፈበት ሰሌዳ ልጅ ወልዶ አለማስጠመቅ ነው። «ኧረ ተው፣ ከአውሮፕላን ላይ ማን ያነበዋል?» አልኩት። «ማንም ካላነበበው ምን ቸገረህ?» አለኝና ቀጠለ። እኔ በበኩሌ መሐንዲስ፣ አለቃ፣ የሙከራ ፓይለት ነበርኩ። ማረፊያውን ወደ ጉደር መውጫ ያለው ሜዳ ላይ አደረግነው። እዚያ ሜዳ ላይ መቼም አህያ አይጠፋም። «አህያ የሌለበት አምቦ አምቦ አይደለም» ብዬ አንዲት ግራጫ አህያ ከማረፊያው ጎን አቆምኩ፤ አውሮፕላን ሲያርፍ እንድትጮህ አደረግናት። ድምፅ ልንቀዳ ብለን እውነተኛ አህያ ፊት ስልክ ይዘን ግማሽ ቀን ቆምን፤ ትንፍሽ አላለችም። በመጨረሻ እኔ ራሴ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በር ዘግቼ ጮህኩ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር መሀል ላይ ሳልኩ። ቡልቻ እንባው እስኪወርድ ሳቀና «አትድገመው፣ ሳሏ ትቆይ» አለ። ሕይወት ያ ነበር። ያን ሳቅ ስንት ጊዜ እንዳስታወስኩት እኔ ነኝ የማውቅ።

ያለቀ ቀን ኦቦ ዳባ አምቦ ውሃ አወረደ። ከአምቦ አጠገብ ታናሽ ወረቀት ነገር መጻፍ አለባችሁ ይላል የፈረንጆቹ ደንብ፤ ማን ሠራው፣ የማን ነው፣ ምን ይፈቀዳል። እንግሊዝኛ የሚችለው ቡልቻ ስለሆነ እኔ እናገራለሁ እሱ ይጽፋል። «ይህ አምቦ የካፒቴን ለሚ ነው። በነጻ ውሰዱት፤ አትሽጡት» አልኩ። ጻፈ። ጽፎ ጨረሰና ጣቱን አነሳ።

«የኔንስ ስም የት ነው የማደርገው?» አለኝ።

ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ሰው ሲኖር አፌን አልይዝም። «ቡልቻ፣ ደቦ የወጣ ሰው ነዶ ላይ ስሙን ይጽፋል እንዴ?» አልኩት። ቤቱ ተናወጠ። ኦቦ ዳባ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ቡልቻም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

እኔ ክፋት አስቤ አይደለም። እኛ አገር ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ደቦውን የጠራው ሰው እርሻው የሱ ነው፣ እህሉም የሱ ነው። አጫጁ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። የሕጉን ሌላ ግማሽ ግን ረሳሁት፤ አጫጁ በተራው ሲጠራ ማጭድህን ይዘህ ቀድመህ ትገኛለህ።

አምቦን ለመጫን ያ ቀርፋፋ ኔት አንድ ሳምንት ፈጀ። ከዚያማ ዓለም መጣ። የብራዚል ሰው፣ የፖላንድ ሰው፣ ስሙን ማንበብ የማልችለው አገር ሰው አምቦ ላይ ያርፋል። «አህያዋ!» ብለው ይጽፋሉ። «ካፒቴን ለሚ ጎበዝ!» ይላሉ። ቡልቻ ያነብልኛል፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ ከመናኸሪያ እስከ ሁሉቃ ድልድይ እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ኮሜንት እያነበበልኝ ቆም አለና፣ «ለሚ፣ እኔም ልጠራ ነው» አለኝ። «ጊንጪ ያለውን የጭልሞ ጫካ ልሠራ። እናቴ የጊንጪ ልጅ ናት። ጫካው በሷ ጊዜ የት ድረስ እንደነበር ዛፍ በዛፍ ትነግረኛለች። እሷ ሳትረሳው ልሥራው።»

«እሁድ እመጣለሁ!» አልኩት። አልሄድኩም። ያን እሁድ አንድ የአዳማ ልጅ ሊያየኝ መጥቶ ነበር፣ አድናቂ። ሁለተኛውን እሁድ ረሳሁት። ሦስተኛውን አልረሳሁትም፤ ዛፍ መትከል ሰለቸኝ፣ ያ ነው እውነቱ። እኔ ካልሄድኩ ሌላው ማን ይሄዳል? ሁሉም የኔን አፍ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ያ የግርግር ጊዜ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ኔት ጠፋ፤ ለሳምንት ያልነው ወር ሆነ፣ ወሩም ብዙ ሆነ። ኦቦ ዳባ አረንጓዴዋን በር ዘግቶ ዕቃውን ሸጠ፤ ኮምፒውተሩ ማን ጋ እንደሄደ አላውቅም። ዛሬ እዚያ ቦታ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሳልፍ አፍንጫዬ ያንን ሽታ ይፈልጋል፣ ፕላስቲክ ብቻ ነው የሚሸተው። ቡልቻ ጉደር ሄዶ የራሱን ማስታወቂያ ቤት ከፈተ። እኔ ባጃጅ ያዝኩ። ካፒቴን በሦስት ጎማ።

ኔት ሲመለስ፣ ስልክም ስይዝ፣ አንድ ቀን አምቦዬ እንዴት ናት ብዬ ገባሁ። ትሸጣለች። ስድስት የኢትዮጵያ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ጥቅል ውስጥ፣ በሌላ ሰው ስም፣ ተቆልፋ። የአዴ ጫልቱ ኪዮስክ ከነግማሽ ሜትሯ! አህያዬ ሽፋኑ ላይ! በነጻ የሰጠነው እኮ ነው። ነጻ ማለት ጌታ የለውም ማለት ነው እንዴ? ውሃ ለመንገደኛ በነጻ ብሰጥ ጋኑን ተሸክሞ ይሄዳል? ጽሑፍ ቤት ገብቼ አንዷን ልጅ እንግሊዝኛ አስጽፌ ለድረ ገጹ ሰዎች ከሰስኩ። መልስ መጣ፤ «የሠራህበትን ዋናውን ፋይል አምጣ፣ አብረውህ የሠሩትም ይመስክሩ።» ዋናው ፋይል ያለው ቡልቻ ፍላሽ ላይ ነው። ጉደር ሄድኩ።

መሰላል ላይ ሆኖ «ወንዶች ፀጉር ቤት» የሚል እየጻፈ ነው። አየኝ፤ አልወረደም።

«አካም ጅርታ፣ ካፒቴን» አለኝ ከላይ።

«ቡልቻ፣ ዘርፈውናል!»

«ማንን?»

«እኛን ነዋ! አምቦን!»

«እኛ?» ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። «እኛ መቼ ነው የሆንነው?»

አንድ ፊደል ጨርሶ ወረደ። እጁን እየጠረገ፣ «ሰውየው ደውሎልኝ ነበር» አለኝ። «የአዲስ አበባ ልጅ ነው።»

«ስልክህን ከየት አመጣው?»

«ከአዴ ጫልቱ ግድግዳ። አውሮፕላኑን አቁሞ፣ ተጠግቶ አነበበው።» ፈገግ ሊል ነበር፣ ተወው። «ይሄን ሁሉ ግድግዳ የሠራኸው አንተ ነህ ወይ አለኝ። ለሚ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስሠራ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው።»

«እና ሰጠኸው?»

«ግድግዳዬን ሰጠሁት። ስሜን ጻፍልኝ ብቻ ነው ያልኩት። ጻፈው።»

«ይሸጠዋል እኮ! ሌባ ነው!»

«ጥሩ ሰው ነው መች አልኩ? ጠየቀኝ ነው ያልኩህ።»

«የኔስ? የኔ ድርሻስ?»

«ያንተ የቱ ነው?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አይደለም፣ የምሩን ነው። እኔም በልቤ ፈለግኩ። ግድግዳው የቡልቻ፣ ፎቶው የሰፈሩ፣ ኮምፒውተሩ የኦቦ ዳባ፣ ሜዳው የከብት። «አህያዋ» አልኩ በመጨረሻ። ያኔ ሳቀ፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። «አህያዋስ ያንተ ናት» አለ።

«ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ ብለህ ብቻ ጻፍልኝ። ሁለት መስመር።»

መሰላሉን ያዘ። «ጭልሞ ላይ ሦስት እሁድ ጠበቅኩህ» አለኝ። «እናቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ዛፎቹን ልትቆጥርላችሁ። አሁን ብትጠይቃት የራሷን ቤት መንገድ አታውቀውም።» ወጣና ጽሑፉን ቀጠለ። እኔም ባጃጄን አስነስቼ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

እንደገና ጻፍኩ፤ የአምቦን ነገር ትቼ አህያዋን ብቻ መልሱልኝ አልኩ። ሻጩ ራሱ መለሰልኝ፤ «የእንስሳ ድምፅ ባለቤት የለውም» ይላል። «እንስሳ አይደለም፣ አህያው እኔ ነኝ» ብዬ አስጻፍኩ። የምትጽፍልኝ ልጅ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። መልስ አልመጣም፤ ሦስት የሚስቅ ፊት ብቻ መጣ።

ይሄን ሁሉ ሳስብ ጉደር ገባን። የቡልቻ ሱቅ ፊት ለፊት መንገዱን ጋሪ ዘግቶት ቆምኩ። ቡልቻ እንደ ልማዱ መሰላል ላይ ነው። ከኋላዬ የተቀመጠው ተማሪ ስልኩን እየነካካ፣ «እንዲያውም የሠሪዎቹ ስም እዚህ አለ» አለኝ። «ግድግዳዎች፣ ቡልቻ ይላል።»

«ያውልህ» አልኩት በአገጬ። «መሰላሉ ላይ ያለው።»

«ትቀልዳለህ!» ልጁ አንገቱን አስግጎ ቡልቻን እንደ ሚኒስትር አየው።

«አህያዋንስ ማን ይላል?»

ፈለገ። ወደ ታች፣ ወደ ላይ። «አህያ… ምንም አይልም።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። መሪውን ለቅቄ፣ አንገቴን ወደ መንገዱ አውጥቼ፣ በሙሉ ሳንባዬ ጮህኩ፤ መጀመሪያ ረዘም አድርጌ፣ መጨረሻ ላይ ቁርጥ አድርጌ። የጋሪው ፈረስ ጆሮውን አቆመ። መሰላሉ ላይ ቡልቻ ቀና አለ፤ አየኝ። በዚህ ዓለም ላይ ያቺ ድምፅ የማን እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረና ወደ ፊደሉ ዞረ።

ልጁ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነው። «ወይኔ! ቁርጥ እሷን! ስንት ቀን ተለማምደህ ነው?»

«የኔ ናት እኮ» አልኩት። «ድምፁ የራሴ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ፣ ሂሳቡን ሰጠኝና ወረደ። «ጎበዝ ነህ፣ አስመስለሃታል» አለኝ ቦርሳውን እያነገተ። «ሳሏ ብቻ ቀረችህ።»